እስከ 62 ዓመት ያለው ጊዜ፦ የአሜሪካ ፖስታ ሠራተኛና ቀድሞ ጡረታ የመውጣት ውሳኔ

ቀድሞ ጡረታ መውጣት፣ ማለትም ሕጉ ለመደበኛ ጡረታ ካስቀመጠው ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን በፊት አበል እየተከፈለ ከሥራ መሰናበት፣ በአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ውስጥ ሠራተኛው በፈለገው ጊዜ የሚጠይቀው መብት አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ የሠራተኛውን ቁጥር ለመቀነስ ሲወስንና የፌዴራል መንግሥቱ የሰው ኃይል አስተዳደር ቢሮ ሲፈቅድለት ለአጭር ጊዜ የሚቀርብ አማራጭ ነው። ጥሪው ሲወጣ ዕድሜው 50 ሞልቶት 20 ዓመት ያገለገለ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ላይ ሆኖ 25 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ የሥራ ዘርፉ በጥሪው ከተካተተ ማመልከት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የፖስታ አገልግሎቱ ዋና ኃላፊ የነበሩት ማርቪን ረንየን የስድስት ወር ደመወዝ ማበረታቻ አቅርበው ወደ 48,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ለቀዋል፤ በ2009 እና በ2025 ደግሞ ደብዳቤና ጥቅል ለሚለዩ ጸሐፊዎች እንዲሁም ለጭነት ሠራተኞች 15,000 ዶላር ቀርቧል። የ2025ቱን ጥሪ በሚመለከት የወቅቱ ኃላፊ ሉዊስ ደጆይ 10,000 ያህል ሠራተኞች እንደሚለቁ በመጋቢት ወር ለኮንግረስ ጽፈው ነበር። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ደብዳቤ በ2001 ከ103 ቢሊዮን በላይ የነበረ ሲሆን በ2024 ወደ 44 ቢሊዮን ወርዷል።

ጥሪው እንግዲህ በቅድሚያ የመሥሪያ ቤቱን ጭንቀት ለማቃለል የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሠራተኛውን ጭንቀት ያቃልል እንደሆነ የሚታወቀው ግን የግል ስሌቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ብቻ ነው። ይህን ስሌት ለባልደረቦቻቸው ሲሠሩ የኖሩ የማኅበር ተወካዮችና አንጋፋ ሠራተኞች ያዳበሩት ዕውቀት ደብዳቤ ከመለየት ያላነሰ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሙያ ነው። የሙያውም መጀመሪያ ዓይንን ከ15,000 ዶላሩ ላይ አንሥቶ ሠራተኛው ከሚለቅበት ቀን ጀምሮ 62 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ባሉት ወራት ላይ ማሳረፍ ነው፤ የውሳኔው ክብደት ያለው በእነዚያ ወራት ውስጥ ነውና።

በቅድሚያ መጣራት ያለበት የአገልግሎት ዘመኑ ራሱ ነው። ብዙ ሠራተኛ ዓመታቱን የሚቆጥረው ወደ ፖስታ ቤት ከገባበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ነው፤ ነገር ግን በጊዜያዊነት ወይም በረዳትነት የተሠራ፣ የጡረታ መዋጮ ያልተቆረጠበት ጊዜ ከ1989 ወዲህ ከሆነ ለጡረታ አይታሰብም፣ ኋላ መዋጮ ከፍሎ ማስቆጠርም አይቻልም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ረዳት ሆኖ የቆየ ሰው «ሃያ ዓመት ሞላኝ» በሚልበት ቀን በሕግ ፊት 18 ዓመት ብቻ አገልግሎ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚታየው ሰነድ ፎርም 50 የሚባለው የቅጥርና የደረጃ ለውጥ ወረቀት ሲሆን፣ በላዩ ላይ የሰፈረው የጡረታ ስሌት መነሻ ቀን ለዓመት ፈቃድ ከሚሠራበት ቀን ሊለይ ስለሚችል ሁለቱን አለማምታታት ያስፈልጋል። ያልተወሰደ የሕመም ፈቃድም ቢሆን የአበሉን መጠን ከፍ ያደርጋል እንጂ፣ 2,087 ሰዓቱ አንድ ዓመት ሆኖ ሲታሰብ፣ የጎደለውን 20 ወይም 25 ዓመት አይሞላም። ይህ ነጥብ በተለይ በዲቪ ወይም በስደት መጥተው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜያቸው ፖስታ ቤት የገቡትን ኢትዮጵያውያን ይመለከታል፤ በአሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል የአገልግሎት ዘመንን የሚያገናኝ የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ስለሌለም በአገር ቤት የተሠራው ዘመን በዚህ ቆጠራ ውስጥ ቦታ የለውም።

ዓመታቱ ከተጣሩ በኋላ አበሉን ማስላት ቀላል ነው። ከ1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት የዓመት አበሉ የሚገኘው ከፍተኛ ደመወዝ የተከፈለባቸው ሦስት ተከታታይ ዓመታት አማካይ ደመወዝ፣ ሠራተኞቹ «ሃይ ስሪ» የሚሉት፣ በእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት በ1 በመቶ ሲባዛ ነው፤ የኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግም የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ መነሻ ስለሚያደርግ አሠራሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ደመወዝ ተብሎ የሚታሰበው ነገር ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሌሊት ተጨማሪና የእሑድ ተጨማሪ በዚህ አማካይ ውስጥ አይገቡም፤ ስለዚህ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት እየሠራ ቤት የገዛ፣ ልጅ ያስተማረና አገር ቤት ገንዘብ የላከ ሠራተኛ፣ ኑሮውን የገነባበት ገቢና ጡረታው የሚሰላበት ገቢ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች መሆናቸውን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ኦቨርታይም የተለመደ የኑሮ ምሰሶ በመሆኑ ይህን ደጋግሞ ማስረዳት ከአማካሪው የሚጠበቅ ግዴታ ነው።

ምሳሌ ይወሰድ። ዕድሜው 52 የሆነ፣ 25 ዓመት ያገለገለ፣ የሦስት ዓመት አማካይ መደበኛ ደመወዙ 72,000 ዶላር የሆነ ሠራተኛ ዛሬ ቢለቅ የዓመት አበሉ 18,000፣ የወሩም 1,500 ዶላር ይሆናል፤ የጤና መድንና ግብር ገና አልተቀነሱም። ይኸው ሰው ደመወዙ አንድ ዶላር እንኳ ሳይጨመርለት እስከ 62 ዓመቱ ቢቆይ 35 ዓመት ያገለግላል፤ 62 ሞልቶት ከ20 ዓመት በላይ ላገለገለ ሰው ማባዣው ወደ 1.1 በመቶ ስለሚያድግ የዓመት አበሉ 27,720 ዶላር ይሆናል። በሌላ በኩል ዛሬ በወር የሚያገኘው መደበኛ ደመወዝ 6,000 ዶላር ስለሆነ ቢለቅ በየወሩ 4,500 ዶላር ይጎድልበታል፣ ማበረታቻው 15,000 ዶላርም ግብሩ ሳይቆረጥበት እንኳ ይህን ጉድለት የሚሸፍነው ለሦስት ወር ከጥቂት ቀናት ነው። በ2025 ገንዘቡ በሁለት ክፍያ የሚሰጥ እንደነበረ ሲታሰብ ደግሞ ለመሸጋገሪያነት ያለው ጥቅም ይበልጥ ያንሳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የዓመታቱ ክፍተት ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የፌዴራል ጡረታ በሦስት ገቢዎች ላይ የቆመ ነው፤ አንደኛው ከላይ የተሰላው አበል፣ ሁለተኛው ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ሦስተኛው ሠራተኛው ከደመወዙ እየቆጠበ መሥሪያ ቤቱ እስከ 5 በመቶ የሚያዋጣለት ቲ.ኤስ.ፒ. የተባለው የቁጠባ ሒሳብ ነው። በ52 ዓመት ለሚለቅ ሰው ከሦስቱ በአብዛኛው ያለ ቅጣት በእጁ የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ከ62 ዓመት በፊት አይከፈልም፤ ከ1960 ወዲህ ለተወለደ ሰው በ62 ሲወሰድም ሙሉ መብቱ ከሚጠበቅበት ከ67 ዓመቱ ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ይቀንሳል። ይህን ክፍተት በከፊል ለመሙላት ሕጉ ልዩ ማሟያ የሚባል ክፍያ ያዘጋጀ ቢሆንም፣ ቀድሞ ለወጣ ሰው የሚጀምረው ዝቅተኛው የጡረታ ዕድሜ ሲደርስ ነው፤ ይህም በ1970 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው 57 ዓመት ነው። ማሟያው በግምት የሚሰላው ሠራተኛው በ62 ዓመቱ የሚያገኘውን ሶሻል ሴኩሪቲ በአገልግሎት ዓመታቱ አባዝቶ ለ40 በማካፈል ስለሆነ፣ በ62 በወር 1,600 ዶላር የሚጠብቅ ባለ 25 ዓመት ሠራተኛ 1,000 ዶላር ያህል ያገኛል። በዚያን ጊዜ ሌላ ሥራ ከያዘ ግን ከተወሰነ ገቢ በላይ፣ በ2025 ከ23,400 ዶላር በላይ፣ ካገኘው እያንዳንዱ ሁለት ዶላር አንድ ዶላር ከማሟያው ላይ ይቀነስበታል፤ ታክሲ እየነዳሁ ወይም ሱቅ ከፍቼ ጡረታዬን እደግፋለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

የቁጠባ ሒሳቡም የራሱ የዕድሜ ገደብ አለው። ሠራተኛው 55 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ከለቀቀ ገንዘቡን ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላል፤ ከዚያ በፊት ከለቀቀ ግን በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር እስከ 59 ዓመት ተኩል ድረስ በሚያወጣው ላይ ከመደበኛው ግብር ሌላ 10 በመቶ ቅጣት ይከፍላል። ስለዚህ በ54 ዓመቱ ጥሪ የደረሰው ሰው ልደቱ በዚያው ዓመት ውስጥ መሆን አለመሆኑ ከማበረታቻው ጋር የሚወዳደር ገንዘብ ሊያስገኝለት ወይም ሊያሳጣው ይችላል። በዚህ ላይ የኑሮ ውድነት ማካካሻ ጭማሪ ለአብዛኛው ጡረተኛ የሚጀምረው ከ62 ዓመት በኋላ ነው፤ ዋጋ በየዓመቱ 2 በመቶ ብቻ እንኳ ቢጨምር፣ በ52 ዓመት የተጀመረው 1,500 ዶላር በ62 ዓመት የሚገዛው ዛሬ 1,230 ዶላር የሚገዛውን ነው። ማመልከቻው በአስተዳደር ቢሮው ተመርምሮ እስኪያልቅ ድረስም የሚከፈለው ከሙሉ አበሉ ያነሰ ጊዜያዊ ክፍያ በመሆኑ፣ ለበርካታ ወራት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ በባንክ ሳያስቀምጡ መልቀቅ አደገኛ ነው።

የጤና መድን ነገር በጥቂት ቃላት ሊነገር ይችላል፤ መዘዙ ግን ትንሽ አይደለም። ከመልቀቁ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ያለማቋረጥ በፌዴራሉ የጤና መድን ተሸፍኖ የቆየ ሰው መድኑን ይዞ ይወጣል፤ መዋጮው ግን ከአበሉ ላይ በየወሩ ይቆረጣል። ከጥር 1 ቀን 2025 ወዲህ የፖስታ ሠራተኞች የራሳቸው የመድን መርሐ ግብር ያላቸው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ጡረታ የሚወጣ ሰው በአብዛኛው 65 ሲሞላው ሜዲኬር ክፍል ቢ ውስጥ መግባት ግዴታው ነው። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ለመኖር ለሚያስብ ሰው መታወቅ ያለበት ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሕክምና በመደበኛነት እንደማይከፍል፣ በውጭ አገር የሚኖር ጡረተኛም መኖሪያውን ካስረዳ ከዚህ ግዴታ ነፃ እንደሚሆን ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ «ቆይ» የሚል ቢመስልም፣ ስሌቱ ሊመዝነው የማይችል ነገር መኖሩን መካድ ሙያውን ማጉደል ነው። የአንድ ደብዳቤ ለዪ ችሎታ ለብዙ ዘመን በ«ስኪም» ይለካ ነበር፤ ይህም የትኛው ጎዳና፣ የትኛው የቤት ቁጥር ወደ የትኛው አዳይ መስመር እንደሚሄድ በቃል አጥንቶ፣ ደብዳቤውን አንሥቶ ወደ ተገቢው ቀዳዳ ሳያመነቱ ማስገባት ነው። አድራሻ የሚያነቡ ማሽኖች ከተስፋፉ ወዲህ ይህ ዕውቀት አብዛኛውን ዋጋውን አጥቷል፤ የቀረው ቆሞ ማሽን መመገብ፣ ትሪ ማንሣት፣ በጥቅል የተሞላ ጋሪ መግፋትና ይህን ሁሉ ብዙውን ጊዜ «ቱር ዋን» በሚባለው የሌሊት ፈረቃ መሥራት ነው። ትከሻው፣ ጉልበቱና እንቅልፉ የተጎዳ ሰው አሥር ዓመት ቆይቶ በዓመት የሚጨመርለት 9,720 ዶላር ያለ ጤና ምን እንደሚጠቅመው ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንጻሩ በሲኒዮሪቲ፣ ማለትም በአገልግሎት ቀደምትነት፣ ከሃያ ዓመት ጥበቃ በኋላ የቀን ፈረቃና የሰንበት እረፍት ያገኘ ሰው ጥሪው የሚደርሰው ሥራው ከመቼውም ይልቅ በቀለለበት ወቅት መሆኑን ልብ ሊል ይገባል፤ ከለቀቀ በኋላ ቢመለስ ያ ቀደምትነት አይጠብቀውም።

ሕመሙ ሥራውን ለመሥራት የሚከለክል ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ደግሞ ቀድሞ ጡረታ መውጣት ብቸኛው መንገድ አይደለም። የአካል ጉዳት ጡረታ የሚባለው መብት 18 ወር ላገለገለ ሠራተኛ ክፍት ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዙን 60 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 40 በመቶ ይከፍላል፤ ከሶሻል ሴኩሪቲ የጉዳት ክፍያ ካለ የተወሰነው ተቀንሶ፣ በ62 ዓመትም እንደገና ተሰልቶ ይቀጥላል። በምሳሌው ላይ ለተጠቀሰው ሰው 40 በመቶው በወር 2,400 ዶላር ነው። ማመልከቻው ከሥራ ከተለቀቀ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ የታመመ ሰው የቅድመ ጡረታውን ፎርም ከመፈረሙ በፊት ይህን ሳይነገረው ከቀረ ጉዳቱ የማይጠገን ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ የሚፈረመው ወረቀት የሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውንም ኑሮ የሚወስን ነው። ያገባ ጡረተኛ አበሉ በ10 በመቶ እንዲቀነስ ከፈቀደ፣ እሱ ሲሞት ተተኪው የሙሉ አበሉን ግማሽ ያገኛል፤ በ5 በመቶ ቅናሽ ሩቡን ያገኛል። ከሙሉው ያነሰ ወይም ምንም የተተኪ አበል አይኑር ለማለት የትዳር ጓደኛው ስምምነት ሰነድ በሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት መፈረም አለበት። ኖተሪው የፈራሚውን ማንነት ያጣራል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ቅጽ ምን እንደሚያስቀር ማስረዳት ግን ሥራው አይደለም፣ ስለዚህ ይህ የሚደረገው በቤት ውስጥ፣ ከፊርማው ቀን በፊት፣ በአማርኛ ነው። በምሳሌው ላለው ቤተሰብ የሚነገሩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፤ ባል ዛሬ በወር 1,350 ዶላር ከወሰደ ሚስቱ ከእሱ በኋላ 750 ታገኛለች፣ 1,425 ከወሰደ 375 ታገኛለች፣ ሙሉውን 1,500 ከወሰደ ደግሞ ምንም አታገኝም፣ በእሱ ስም የነበረው የጤና መድንም ከእሱ ሞት ጋር ይቋረጥባታል።