ስንዝር ይዞ የመጣው ቄስ፦ የአልቫሬዝ መጽሐፍ ከደብረ ኤልያስ ሲነበብ

ባዕድ ሰው አብያተ ክርስቲያናታችንን ዞሮ አይቶ ከጻፋቸው መጻሕፍት መካከል አብልጬ የምወደው የፖርቱጋላዊውን ቄስ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝን ነው። አብልጬ የምከራከረውም ከእሱ ጋር ነው። አልቫሬዝ በሮድሪጎ ደ ሊማ ከሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ጋር በ1520 ምጽዋ ወረደ (ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፤ በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ስድስት ዓመት ኖሮ በ1526 ተመለሰ። መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። ከ10 ዓመት በኋላ ቬኒስ ላይ በጣልያንኛ ወጣ። ዛሬ አንባቢ በቀላሉ የሚያገኘው ቤኪንግሃምና ሀንቲንግፎርድ አርመው በ1961 በሁለት ቅጽ ያሳተሙትን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። እኔም ያነበብሁት ይህንኑ ነው፤ ያነበብሁትም ደብረ ኤልያስ ሆኜ ነው። ቦታውን የምጠቅሰው በምክንያት ነው፤ ይህ መጽሐፍ ላስታ ላይ ሲነበብ አንድ ነገር ይናገራል፣ ጎጃም ላይ ሲነበብ ሌላ።

አልቫሬዝ ከኋላው ከመጡት ብዙ ጸሐፍያን የሚበልጠው ራሱ ቀዳሽ በመሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግድግዳውን ብቻ አያይም፤ ካህኑ የት እንደሚቆም፣ ጽናው ከየት እንደሚወጣ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚያደርግ ያያል። ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ እንደሌለ፣ ውስጥ ገብቶ መቀመጥም ምራቅ መትፋትም ነውር እንደሆነ፣ ቆሞ የደከመው በመቋሚያው እንደሚደገፍ፣ የቍርባኑ ኅብስት ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ባለች ለብቻዋ በተሠራች ቤት እንደሚጋገር ጽፏል። በቅሎ የተቀመጠ መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ ወርዶ፣ እስኪያልፍ በእግሩ እንደሚሄድም አስተውሏል። ደብረ ኤልያስ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ አምስት መቶ ዓመት መካከል ላይ እንዳለ ይረሳዋል። ቤተ ልሔሟ እዚያው በስተምሥራቅ ናት፤ አረጋውያኑም ቅጥሩ አጠገብ ሲደርሱ ዛሬም ከበቅሎ ይወርዳሉ። የዛሬ የጉዞ መጻሕፍት ስንት በር፣ ስንት መስኮት ብለው ከቆጠሩ በኋላ ቤቱ ለምን እንደተሠራ ሳይናገሩ ያልፋሉ። ይህን ጕድለት አልቫሬዝ ላይ አላገኘሁበትም።

የመጽሐፉ ከፍታ ላስታ ላይ ነው። መጀመሪያ ይምርሐነ ክርስቶስን ያያል፤ ዋሻው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ለአገሩ ሰው ለማስረዳት ሦስት ታላላቅ መርከቦችን ከነምሰሶዎቻቸው ይችላል ይላል። የባሕር ሰው ለባሕር ሰው ሲጽፍ እንዲህ ነው። ቀጥሎ ላሊበላ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያኖቹን በየስማቸው እየጠራ ርዝመታቸውንና ወርዳቸውን በስንዝር ያስቀምጣል፤ ዐምዶቹን ይቆጥራል፣ ከአለቱ ላይ ወደ ታች እንዴት እንደተፈለፈሉ ይገልጻል። በመጨረሻ ግን እጁ ይዝላል። ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ይሰጋል፤ የጻፈው ሁሉ እውነት እንደሆነ፣ ያልጻፈውም ገና ብዙ እንደሆነ በእግዚአብሔር ስም ይምላል። ይህ መሐላ በየመጽሐፉ ስለሚደጋገም የለመድነው ነገር ሆኗል። እኔ ግን ከመሐላው ይልቅ የሚደንቀኝ ከመሐላው በፊት ያለው ልኬት ነው። አድናቆት ለማንም ቅርብ ነው፤ እየተደነቁ ስንዝር አለመሳሳት ግን የሠራተኛ ጠባይ ነው።

እዚያው ላይ ደግሞ የማልቀበለው ነገር አለ። ሥራው ሁሉ በ24 ዓመት እንዳለቀ፣ የሠሩትም ከውጭ የመጡ ነጮች እንደሆኑ ነገሩኝ ብሎ ይጽፋል፤ የአገሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ሥራ እንደማይችሉ ራሳቸው ያውቃሉና ይላል። ወሬውን የነገረው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አልቫሬዝ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ይምርሐነ ክርስቶስ ውስጥ ቆሟል። እዚያ ግድግዳው ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ፣ አንዱ ገባ ሌላው ወጣ እያለ የተሠራ ነው። ላሊበላ ላይ የቤተ አማኑኤል ግድግዳ ይህንኑ መፈራረቅ በአለት ላይ ይደግመዋል፤ እንጨት በሌለበት የእንጨት መልክ ተቀርጿል። ያው ስልት በደብረ ዳሞ አለ፤ የአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹት መስኮቶችና የእንጨት ጫፎችም ያንኑ ይናገራሉ። ከአክሱም ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የአገር ጠራቢ እጅ መሆኑን ለማየት ከሁለቱ ቤቶች በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ሁለቱም በአልቫሬዝ መጽሐፍ ውስጥ ተከታትለው ተቀምጠዋል። ዐይኑ ያየውን ጆሮው አስጣለው። ይህ ስሕተት የእሱ ብቻ ሆኖ ቢቀር ባላነሣሁት ነበር፤ ግን ከእሱ በኋላ ስንቱ ጸሐፊ እየተቀባበለው መጣ።

መጽሐፉን ዛሬ ውድ የሚያደርገው ሌላው ነገር እሱ ራሱ ሊያውቀው የማይችለው ነበር። በአክሱም ያየው አምስት ክፍል የነበረው ጥንታዊው የጽዮን ቤተ ክርስቲያን፣ በአምሐራ ሳይንት ያየው መካነ ሥላሴ፣ ብዙም ሳይቆይ በግራኝ አሕመድ ዘመቻ ጠፉ። መካነ ሥላሴ የተቃጠለው በ1531 ነው። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ራሱ የዚያን ቤት ወርቅና ጌጥ በአድናቆት ይተርካል፤ ያቃጠሉት ሰዎች ጸሐፊና የጐበኘው ቄስ ሳይተዋወቁ አንዱ የሌላውን ምስክርነት ያጸናሉ። አልቫሬዝን የተቀበሉት ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ አምባ ሲሰደዱ ኖረው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። መጽሐፉ የታተመው በዚያው ዓመት ነው። ሊዝበን ውስጥ ስለ መካነ ሥላሴ የወርቅ መዝጊያ ያነበበ ሰው መዝጊያው ዐመድ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት እንዳለፈው አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጎጃም ልምጣ። አልቫሬዝ ዐባይን አልተሻገረም። ስለ ጎጃም ያለው ሁሉ ከሰው የሰማው ነው፤ ከዚያም ውስጥ የሚያጓጓው የአገሩ ሰው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የነገረው ነው። ኮቪልያ በዐፄ እስክንድር ዘመን ገብቶ እንዳይወጣ የተከለከለ፣ ርስት ተሰጥቶት፣ አግብቶ ወልዶ የቀረ ሰው ነው። እቴጌ እሌኒ በጎጃም ላሠሩት ቤተ ክርስቲያን መንበር እንዲያሠራ ወደዚያ እንደተላከ፣ መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ ውስጡ በወርቅ እንደተሞላ፣ ጽላቱም ጥሩ ወርቅ እንደሆነ ለአልቫሬዝ ነግሮታል። ቤተ ክርስቲያኑ መርጡለ ማርያም እንደሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። የተጠረበው ድንጋይ ፍርስራሽ፣ ከነአበባ ቅርጹ፣ ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ በላዩ ላይ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ኢየሱሳውያን የጨመሩበት ስላለ የእሌኒን እጅ ከእነሱ መለየት ቀላል አይደለም። ለመልእክተኛው ጓድ መምጣት መነሻ የሆኑት እኚሁ እሌኒ ናቸው። መልእክተኛቸውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩ እሳቸው ናቸው፤ የፖርቱጋል መርከብ ምጽዋ የደረሰው እሱን መልሶ ይዞ ነው። አልቫሬዝ አገር ውስጥ እያለ እሌኒ ዐረፉ፤ ሕዝቡ አባትም እናትም እንደሞተበት ሆኖ እንዳለቀሰ ጽፏል። ይህን መጽሐፍ እንዲጻፍ ያደረገች ሴት ያሠራችው ቤት በመጽሐፉ ውስጥ የገባው በሰው አፍ ብቻ ነው። ያሳዝነኛል። አንድ ክረምት ጎጃም ቢቆይ ኖሮ ምን ያህል ስንዝር በተረፈን!

ይሁንና የምከራከርበት ዋና ነገር ጎጃምን አለማየቱ አይደለም። ስለ ካህናቱ ሲጽፍ በአገሩ ትምህርት ቤትም የሚያስተምር መምህርም እንደሌለ፣ ካህናቱ የሚያውቋትን ጥቂት ለልጆቻቸው እንደሚያስተምሩና እነሱንም ካህናት እንደሚያደርጓቸው ይናገራል። በጥቂት ቃል የተነገረች ፍርድ ናት፤ አንባቢ ሳያስተውላት ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ግን አትታለፍም። የደብረ ኤልያስ ስም በአገር የታወቀው በግድግዳ አይደለም። እንደ ብዙው የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ክዳኑ በየዘመኑ ይታደሳል፤ ሣሩ በቆርቆሮ ይተካል፣ ያረጀው ይፈርሳል፣ ምእመኑ አዋጥቶ ሌላ ያቆማል። ስሙን ያቆየው ጉባኤው ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ግሱንና አገባቡን ይይዛል፤ ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ሆኖ ቅኔ ይቈጥራል፤ ማታ የኔታ ፊት ቆሞ የቈጠረውን ያቀርባል፣ ይታረማል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነሥቶ፣ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማውን እያለ መወድስ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይፈቀድም፤ ለእያንዳንዱ በዓል አዲስ መሆን አለበት። ሐዲስ ዓለማየሁ ከዲማና ከደብረ ወርቅ ሌላ በዚህ ጉባኤ ተምረዋል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1958 የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ቅኔ ቤት የሚታሰብ መጽሐፍ አይደለም።

አልቫሬዝ ይህን ለምን አላየም? ትምህርቱ በኋላ የመጣ ነው እንዳይባል፣ ሊቃውንቱ የጎንጁን ተዋነይን የሚያስቀምጡት በዐፄ እስክንድር ዘመን፣ ማለት ከአልቫሬዝ በፊት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። የፖርቱጋል ትምህርት ቤት ሕንፃ አለው፣ በር አለው፣ ደወል አለው። ዛፍ ሥር ያለ ጉባኤ ከዘላን ሰፈር አይለይም፤ መጽሐፍ በሌለበት በቃል የሚሄድ ትምህርት ለሱ ትምህርት አይመስለውም። ስድስቱን ዓመት የኖረውም አብዛኛውን ከንጉሡ ድንኳን ጋር እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ጉባኤ ደግሞ ከሠራዊት ጋር አይሄድም።

ነገሩን ለማመዛዘን አንድ የፈረንሳይ ከተማ ላንሣ። ሻርትር ላይ የነበረው ካቴድራል በ1194 ተቃጠለ፤ የዛሬው ታላቅ ቤት ከዚያ በኋላ በሠላሳ ዓመት ገደማ አብዛኛው ተሠራ። ይህ የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነው፤ አንደኛው ወገን ድንጋይ እየከመረ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው እየፈለፈለ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ሻርትር ዛሬም የሚጐበኘው ለመስታወቶቹ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንኳ አንድ በአንድ አውርደው ሸሸጓቸው፣ ሰላም ሲሆን መልሰው አስቀመጧቸው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለእኛም ቤቶች እመኛለሁ። ግን ያ ካቴድራል ከመስታወቱ በፊት የታወቀው በትምህርት ቤቱ ነበር፤ በ11ኛውና በ12ኛው ምዕተ ዓመት ከየአገሩ ተማሪ ይጐርፍበት ነበር። ፓሪስ ሲያድግ ተማሪው ወደዚያ ሄደ፣ ጉባኤው ተፈታ፣ ድንጋዩ ቀረ። ጎጃም ላይ ድንጋዩ ሄዶ ጉባኤው ቀረ። አልቫሬዝ የሚያነብልን ፊተኛውን ዓይነት ብቻ ነው፤ ዛሬ «ታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን» ብለን ስንዘረዝርም የምንከተለው የእሱን ዐይን ይመስለኛል። በዝርዝሩ ላይ ላሊበላ አለ፣ የጣና ደሴቶች አሉ፤ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ለመግባት ግን የሚያሳዩት ግድግዳ ይጠየቃሉ።

አቡነ ማርቆስ ሲክኑ ያየበት ምዕራፍ ይህን ጕድለት ከሁሉ ይበልጥ ያሳያል፤ እንደ ትረካ ግን ከምርጦቹ አንዱ ነው። ተሿሚዎቹ ተሰልፈው ይቀርባሉ፤ መጽሐፍ ይገለጥላቸዋል፣ ሁለት ሦስት ቃል ያነባሉ፣ ክንዳቸው ላይ በቀለም ይታተማሉ። አልቫሬዝ ዐይነ ስውር ሰው ሲሾም አይቶ ተቈጣ፤ ለንጉሡም ተናገረ። ስለ ቅስና ከሆነ ቀኖናው ከሱ ጋር ነው፣ አልሟገትም። ግን ዐይነ ስውሩ ሰው ለምን እዚያ ሰልፍ ላይ እንደቆመ፣ ምን እንደሚያውቅ አልጠየቀም። ዜማውን፣ ድጓውን፣ ቅኔውን በልባቸው ይዘው ጉባኤ ዘርግተው የኖሩ ዐይነ ስውራን የኔታዎች በአገራችን ብዙ ናቸው። መሠዊያው ላይ መቆምና ወንበር ላይ መቀመጥ ሁለት ሹመት ናቸው፤ አልቫሬዝ አንዱን ብቻ ያውቃል።

ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ከጎኑ ሌላ አንድ እንዲያስቀምጥ እመክራለሁ። በ1526 ከአልቫሬዝ ጋር ወደ ፖርቱጋል የሄደው የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ፣ ሊዝበን ላይ ቍርባን ተከልክሎ፣ ከሊቃውንቶቻቸው ጋር ስለ ሃይማኖቱ ሲከራከር ኖረ። በ1534 የቤተ ክርስቲያኑን እምነትና ሥርዐት በጽሑፍ አስረዳ። ጽሑፉን ዳምያው ደ ጎይስ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ሉቨን ላይ አሳተመው። መምህር የለም በተባለበት አገር የተማረ ሰው መልስ አልቫሬዝ በታተመበት ዓመት ታተመ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ካርዲናል ሄንሪኬ መጽሐፉ ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ከለከሉ።