«ትራክ 01» የማን ዘፈን ነው?

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮኪት የሰሊጥ ቆላ ናት። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው የሚወርደው አጫጅ ከማጭዱ ጋር ስልኩን፣ አንዳንዱም ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ራዲዮውን ይዞ ይመጣል። እንዲህ ባለ የመንገድ ዳር ከተማ ሙዚቃ በመጫን የሚተዳደር ሰው ኮምፒውተር ውስጥ የማይገባ ነገር የለም፤ ከደንበኛ ሚሞሪ የተገለበጠው፣ ከዩቲዩብ የወረደው፣ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የመጣው፣ ከገላባት የተሻገረው የሱዳን ዘፈን፣ የጎረቤት ሠርግ። ፋይሉ ሺዎችን ካለፈ በኋላ አንዱ ደንበኛ «የይርጋ ዱባለን ብቻ ጫንልኝ» ይላል። ጫኙ ፍለጋ ይገባል። (የቅጂ መብቱ ነገር፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እያለ፣ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። በየቤቱ ለራሱ ጆሮ የሚያከማቸውም ሰው ይኸው የፍለጋ ጣጣ አለበት።)

ሁሉም ፋይል ስም አለው፤ ስሙን ያወጣው ግን አንድ ሰው አይደለም። «ትራክ 01» የሚለውን የጻፈው ሲዲውን የገለበጠው ኮምፒውተር ነው። በዋትስአፕ የመጣው ድምፅ ስሙ መሀል ላይ ስምንት አሃዝ ይዟል፤ አሃዞቹ ፋይሉ በዋትስአፕ የተላለፈበትን ቀን እንጂ ዘፈኑ የተቀዳበትን አይናገሩም። ከዩቲዩብ የወረደው ደግሞ «አዲስ የኢትዮጵያ ሙዚቃ»፣ «ኦፊሻል ቪዲዮ» የሚል ማስታወቂያ ከፊትና ከኋላ አንጠልጥሎ፣ ብዙ ጊዜም አሥራ አንድ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቪዲዮ መለያ በጅራቱ ጎትቶ ይመጣል።

ሥራውን ለማሽን መስጠት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። ኤምፒስሪታግ፣ ኪድስሪ፣ ኢዚታግ የሚባሉት ፕሮግራሞች ንድፍ ይቀበላሉ። «%ዘፋኝ% - %ርዕስ%» የሚል ትእዛዝ በየራሳቸው አጻጻፍ ሲሰጣቸው የፋይሉን ስም ሰረዙ ላይ ይከፍሉና ግራውን በዘፋኝ፣ ቀኙን በርዕስ መስክ ያስገባሉ። መቶ ፋይል በአንድ ትንፋሽ ይጠናቀቃል። መስኩ፣ በተለምዶ ታግ የሚባለው፣ ከፋይሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ ስሙ ቢለወጥም አይጠፋም።

ባደጉት የሙዚቃ ገበያዎች ለሚኖር ሰው የፋይል ስም የመጨረሻ አማራጭ ነው። ፒካርድ የተባለው ፕሮግራም የድምፁን አሻራ ወስዶ ከዓለም አቀፍ ማኅደር ጋር ያመሳክራል። ፋይሉ «ትራክ 01» ቢባልም ማሕሙድ አሕመድን በድምፁ ሊያገኘው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የታተሙትን የኢትዮፒክስ ቅጾችም እንዲሁ። አሻራ የሚያገኘው ግን ቀድሞ ሰው ያስመዘገበውን ብቻ ነው። አዝማሪ አንድ ሠርግ ላይ የተጫወተውን፣ በስልክ የተቀዳ የጉሙዝ ዘፈን፣ ከካሴት በቤት የተገለበጠ ሽለላ የትኛው ማኅደር ያውቀዋል? ለእነዚህ ያለው ምስክር አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈው የፋይል ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ኮኪት ላይ ስሙ መነሻ ነው፤ አያያዙም በዚያው ልክ ጥንቃቄ ይሻል።

በመጀመሪያ ስሞቹ ለምን በላቲን ፊደል እንደበዙ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሪክ ኬምፕ የኤምፒስሪ ታግን ሲፈጥር ከፋይሉ ጭራ 128 ባይት ብቻ ነበር የመደበው፤ ለርዕስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በፓወር ግዕዝም ሆነ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ አማርኛ፣ አማርኛ የሚመስለው ፎንቱ እስካለ ድረስ ነበር። የፋይል ስም ደግሞ ፎንት አይመረጥለትም። ሰው ሳይወድ በላቲን ጻፈ፤ ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ገሠሠን አንዱ በሁለት ኤስ፣ ሌላው በሦስት፣ ሌላው በአራት ይጽፈዋል፤ ፕሮግራሙም አንዱን ጥላሁን ሦስት ዘፋኝ አድርጎ ይደረድረዋል። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። ታጉ ውስጥ ያለው ርዕስ ልክ 30 ፊደል ላይ ካበቃ ተቆርጧል ብሎ መጠርጠር ነው፤ ሙሉው ምናልባት የፋይሉ ስም ላይ ይገኛል።

በፊደላችን ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። «ዶ/ር ጥላሁን ገሠሠ» ብሎ ፋይል መሰየም አይቻልም፤ እዝባሩ ለኮምፒውተሩ የፎልደር ድንበር ነው። «ወ/ሮ»ም፣ «ገ/ማርያም»ም እንደዚያው። ዊንዶውስ የላቲኑን ሁለት ነጥብም ይከለክላል፤ የእኛን ሁለት ነጥብ «፡» ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ ይቀበላል። ርዝመትም አለ፦ በሊኑክስ በተለመደው የፋይል አደረጃጀት አንድ ስም 255 ባይት ነው፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ንጹሕ አማርኛ ከ85 ፊደል አያልፍም። የዩቲዩብ ሰዎች ርዕስ እንዴት እንደሚያንዛዙ ለሚያውቅ 85 ጥቂት ነው።

ገሠሠ ወይስ ገሰሰ? ፀሐይ ወይስ ጸሀይ? ብዙ ጫኞች ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል አጣጥፈው ይገላገላሉ። ይህ ለፍለጋ ትክክል፣ ለታግ ግን ስሕተት ነው። ሠን ወደ ሰ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚያጣጥፈው ሕግ መኖር ያለበት ከጀርባ፣ ፕሮግራሙ ሲያወዳድር ብቻ ነው፤ ለዓይን የሚታየው አልበሙ ሽፋን ላይ ያለው አጻጻፍ ይሁን። የውጭ ፕሮግራሞች «የቤተሰብ ስም» የሚሉትን ለማስቀደም ጥላሁንን በአባቱ ስም ገ ሥር ሲያስገቡትም ማረም ያስፈልጋል። ኮኪት ላይ ገሠሠን ብሎ የሚፈልግ ደንበኛ የለም፤ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ እንኳን የኢትዮጵያን ሰው የሚደረድረው በራሱ ስም ነው።

ሰረዙም ያታልላል። «ኪነ-ጥበብ» ውስጥ ያለው ሰረዝ ዘፋኝና ርዕስ አይለይም፤ ንድፉ መያዝ ያለበት ከግራና ከቀኝ ባዶ ቦታ ያለውን ሰረዝ ነው። ዘፋኙ በየትኛው በኩል እንዳለስ? አንዱ ዘፋኙን ያስቀድማል፣ ሌላው ዘፈኑን። መፍትሔው ፎልደሩን በጅምላ ማየት ነው፦ አሥራ ሁለት ፋይል ላይ በአንድ በኩል የሚደጋገመው ቃል ዘፋኙ ነው፣ የሚለዋወጠው ርዕሱ። ይህን ማንም ፕሮግራም አዋቂ በጥቂት መስመር ይጽፈዋል፤ ዓይንም ከማሽኑ ባልተናነሰ ፍጥነት ያየዋል።

ዓመት ላይ ግን ዓይንም ይሳሳታል። የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ፕሮግራሙ 2009ን ሲያነብ የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ይወስድና አልበሙ ከ«ጥቁር ሰው» በፊት ይሰለፋል፤ «ጥቁር ሰው» እ.ኤ.አ. 2012 ተብሎ ከተጻፈ ማለት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ያለበት አራተኛው የኢትዮፒክስ ቅጽ በርዕሱ ውስጥ 1969–1974 የሚል ይዟል፤ ሲዲው የታተመው ግን በ1998 ነው፣ ሁሉም በፈረንጅ። መተማ ላይ ደግሞ የራሷ ወጥመድ አለች። «አፄ ዮሐንስ መተማ 1881» የሚል ፋይል ቢመጣ አራት አሃዝ የሚያድነው ንድፍ ፉከራውን በ1881 የተቀዳ ያደርገዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁበት ጦርነት ዓመት መሆኑን ማን ይንገረው?

ጥሩ ጫኝ እዚህ ላይ ግምቱን በሕግ ያስረዋል። ስሙ በፊደላችን ከተጻፈና ዓመቱ ምልክት ከሌለው የኛ አቆጣጠር ይሁን ብሎ ይነሳል፤ ሰባት ሲደመርበት ገና ያልመጣ ዓመት ከሆነ የፈረንጅ ነበር ማለት ነው። በላቲን የተጻፈው ከመነሻው የፈረንጅ ይሁን። ወሩ ካልታወቀ ልዩነቱ ሰባት ይሁን ስምንት አይለይም፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ሲሸለም እኛ ዘንድ 2000 ዓ.ም. ሊያልቅ ቀናት ቀርተውት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ያየው ሰው ደግሞ የ2001 ፊልም ይለዋል። ስለዚህ በዓመት መስኩ የፈረንጁን፣ በማስታወሻ መስኩ የተጻፈውን እንዳለ ማስቀመጥ ይሻላል።

ቁጥሮቻችን በአንድ በኩል ያስቸግራሉ፣ በሌላ በኩል ያስደስታሉ። አሃዝ ፈላጊው ምልክት «፩»ን አያውቀውም፤ ዩኒኮድ የግዕዝን ቁጥር ከተራ አሃዞች ለይቶ ስለመደበው ንድፉ ሲያድን ያልፈዋል። ነገር ግን ትራኮቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ የሰየመ ሰው ድሮ የተሠራ ማጫወቻ ላይ 1፣ 10፣ 11፣ ከዚያ 2 ሲመጣበት፣ ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ የሰየመው ፱ን አልፎ ፲፣ ፲፩፣ ፲፪ እያለ በትክክል ይሄድለታል፤ አሥሩ የራሱ ምልክት ስላለው። እስከ 199 ድረስ አይዛነፍም፤ ፪፻ ላይ ሲደርስ ግን ከ፪ ጎን ይወሸቃል። ሁለት መቶ ዘፈን ያለው አልበም ያለው ሰው ወደ ተራው አሃዝ ተመልሶ ከፊት ዜሮ ይጨምር።

የሱዳኑ ክምር ሌላ ዓለም ነው። የመሐመድ ወርዲ ዘፈን ዓረብኛ ታግ ይዞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚታየው በላቲን ፊደልና በምልክት የተሞላ ዝብርቅርቅ ነው። ጽሑፉ አልጠፋም፤ በድሮው የዊንዶውስ የዓረብኛ ሠንጠረዥ ተጽፎ በምዕራብ አውሮፓው ስለተነበበ ነው። በኪድስሪ ሠንጠረዡን መልሶ ወደ ዓረብኛው ማዞር ያስተካክለዋል። የፋይሉ ስም ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ የትራክ ቁጥሩ በተቃራኒው ጫፍ የተቀመጠ ቢመስልም ለፕሮግራሙ መጀመሪያ የተጻፈው መጀመሪያ ነው፤ በዓይን አይቶ ንድፍ የሚገለብጥ ሰው ሥራውን ያበላሻል።

ፊልምና ተከታታይ ድራማ ያለው ሰው ኮዲን ወይም ጄሊፊንን ይጠቀማል። እነዚህ ምዕራፍና ክፍልን የሚለዩት በእንግሊዝኛ አጽሕሮት፣ «ኤስ 02 ኢ 12» በሚል ዓይነት ነው። የእኛ ሰው የሚጽፈው «ምዕራፍ 2 ክፍል 12» ነው፤ ኮዲ ላይ ይህን ንድፍ በራስ መጨመር ይቻላል። «ክፍል 1» ግን ድራማም ሊሆን ይችላል፣ በቪሲዲ ዘመን ለሁለት ዲስክ የተከፈለ አንድ ፊልምም። ከሁለት በላይ ክፍል ከሌለና እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ከረዘመ ፊልም ነው ብሎ መጀመር አያስቀይምም።

ከሁሉም የሚያስፈራው የማጽጃ ዝርዝር ነው። «አዲስ»፣ «ሙዚቃ»፣ «ኦፊሻል»፣ «ኢትዮጵያ» የሚሉትን ከየስሙ ሰርዝ ብሎ ማዘዝ ያጓጓል። ያን ጊዜ «ኢትዮጵያ» የተባለው ዘፈን ያለ ርዕስ ይቀራል። የዩቲዩቡ አሥራ አንድ ምልክትም ቆሻሻ ይምሰል እንጂ ፋይሉ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ብቸኛው አድራሻ ነው። «የአክስቴ ሠርግ ሸኽዲ» የሚለውን ሐረግ ለዘፋኝና ለርዕስ ስላልተመቸ መጣል ቀረጻው የት እንደተደረገ የሚናገረውን ብቸኛ ቃል መጣል ነው። ታጉን የነደፉት ሰዎች ይህን አስበውበታል፦ ሁለተኛው የታግ ስሪት «የመጀመሪያው የፋይል ስም» ማስቀመጫ የሚሆን ቲ.ኦ.ኤፍ.ኤን. የሚባል መስክ አለው። ማንኛውም ጽዳት ከመጀመሩ በፊት ስሙ እንዳለ እዚያ ይግባ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የፈለገውን ይቁረጥ፤ መመለሻ አለ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ፍላሹ ባጃጅ ላይ ሲሰካ ከታጉ አንዱም ላይታይ ይችላል። ርካሽ ማጫወቻ ፊደላችንን በሣጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ይተካል፤ አንዳንዱም ስሙን ስድስት ላቲን ፊደልና «~1» አድርጎ ያሳጥረዋል። የሚያጫውተው ደግሞ ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው፤ በስምም በትራክ ቁጥርም አይደለም። ስለዚህ ለባጃጅ የሚጫን ፍላሽ መጀመሪያ ፎርማት ይደረጋል፣ ዘፈኖቹ ኮምፒውተሩ ላይ በታጋቸው ይደረደራሉ፣ ከዚያ በተራ በተራ ይገለበጣሉ፤ የይርጋ ዱባለ ፎልደር ቀድሞ እንዲጀምር የፈለገ ደንበኛ ካለ እሱ መጀመሪያ ይገባል።