ናኖ ቅንጣቶችና የአጥንት ካንሰር፤ በአይጥ ጭን ላይ የቆመ ተስፋ

ኦስቲዮሳርኮማ በቁጥሩ ሲታይ ብርቅ በሽታ ነው። ሆኖም ከአጥንት ከራሱ ከሚነሱት ካንሰሮች መካከል ልጆችንና ወጣቶችን ከሁሉም አብልጦ የሚያጠቃው እርሱ ነው። አጥንት ፈጥኖ በሚያድግበት የጉርምስና ዕድሜ፣ በአብዛኛው በጉልበት አካባቢ ይነሣል። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ ድረስ የነበረው ሕክምና የታመመውን እግር ወይም ክንድ መቁረጥ ሲሆን፣ ከተቆረጠላቸው ውስጥ በሕይወት የሚቆዩት ከአምስት አንድ ያህል ነበሩ። ምክንያቱም በሽታው ገና ሲታወቅ በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ በምርመራ በማይታይ መጠን ሳንባ ውስጥ ሰፍሮ ስለሚገኝ ነው። ሜቶትሬክሴት፣ ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን ከቀዶ ጥገና ጋር ሲቀናጁ፣ መሠራጨቱ በምርመራ ሳይታይ ከተደረሰባቸው ሕሙማን መካከል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለመኖር በቁ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ይህ ቁጥር እምብዛም አልተነቃነቀም። ዩራሞስ 1 የተባለው የብዙ አገሮች ጥናት፣ ለመጀመሪያው ኬሞቴራፒ በቂ ምላሽ ላልሰጡ ሕሙማን ኢፎስፋሚድና ኢቶፖሳይድ መጨመር እንዳልጠቀማቸው በ2016 አስታውቋል።

በናኖ ቅንጣት የታሸገ ኬሞቴራፒን የሚመለከቱ ጥናታዊ ጽሑፎች እንደ ጎርፍ የመጡት በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። የጽሑፎቹ መግቢያ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ መድኃኒቱ ጤናማውን አካል ይጎዳል፤ ቅንጣቱ ግን ዕጢውን ለይቶ ያገኘዋል። ይህን ቃል ኪዳን መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የሐሳቡ መሠረት ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1986 ያወጡት ግኝት ነው። የዕጢ የደም ሥሮች ልል በመሆናቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች ወደ ዕጢው ይሰርጋሉ፤ ከዚያም በቀላሉ አይወጡም። በፈጣን ዕድገቱ በሚታወቀው የአይጥ ዕጢ ላይ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጽሑፎችን ሰብስበው በ2016 ባወጡት ትንተና፣ ከተወጋው የቅንጣት መጠን ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው አማካይ ድርሻ 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። የቀረውን በአብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ያጠምዱታል። ይህ የተለካው በአይጥ ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ለአጥንት ካንሰር የታሰበው መፍትሔ አሌንድሮኔትን የመሰሉ ቢስፎስፎኔቶችን በቅንጣቱ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። ቢስፎስፎኔት ከአጥንት ማዕድን ጋር አጥብቆ ይጣበቃልና አሠራሩ ውብ ነው። ጥያቄው ግን ከየትኛው አጥንት ጋር ይጣበቃል የሚለው ነው። ቢስፎስፎኔት የሚከማቸው አጥንት በፍጥነት በሚታደስበት ሥፍራ ሁሉ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አጥንት ደግሞ በየጫፉ እያደገና እየታደሰ ያለ ነው። እንግዲህ ዶክሶሩቢሲን የጫነው ቅንጣት ከዕጢው ይልቅ ልጁ ቁመት በሚጨምርበት ክፍል ቢሰፍር ምን ይሆናል? ይህን ለመመለስ በማደግ ላይ ያለ እንስሳ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ግን ሌላ ነው። በብዙዎቹ ሙከራዎች ላይ የሰው የካንሰር ሕዋስ ከአይጥ ቆዳ ሥር ይወጋል፤ አጥንት በሌለበት የአጥንት ካንሰር ይበቅላል ማለት ነው። ሻል ባሉት ሕዋሱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚለካው የዕጢው መጠን ነው፤ የሚታተመውም ፎቶግራፍ የተነቀለ ዕጢ በማስመሪያ አጠገብ ተደርድሮ የሚያሳይ ነው። ዳሩ ግን የጉልበቱን ዕጢ ቀዶ ሐኪሙ ያወጣዋል። ልጁን የሚገድለው ሳንባው ውስጥ የቀረው ጥቃቅን ዘር ነው፤ ያ ዘር ደግሞ ገና የራሱን ልል የደም ሥር ያላበቀለ በመሆኑ የቅንጣቱ መግቢያ በር እዚያ የለም። ዕጢውን በቀዶ ጥገና አውጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ሳንባን የሚከታተል ሙከራ አድካሚና ውድ ነው፤ ግን ፍርድ የሚሰጠው እርሱ ነው። ማወዳደሪያውም ፍትሐዊ አይደለም። ያልታሸገው መድኃኒት ሰውነት ሊችለው በሚችለው ከፍተኛ መጠን ሳይሆን ከታሸገው ጋር በእኩል መጠን ሲሰጥ፣ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ዘርፉ ፍሬ የለውም ማለታችን አይደለም። በሊፖዞም የታሸገው ዶክሶሩቢሲን በ1995 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ካልታሸገው ያነሰ መሆኑ ተረጋግጧል። ዕድሜውን በሙሉ ከልቡ ጋር ለሚኖር ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የጉዳት መቀነስ አንድ ነገር ነው፤ ካንሰርን አብልጦ መግደል ሌላ ነው። ጽሑፎቹ ሁለቱን እየቀላቀሉ ያቀርቧቸዋል።

በኦስቲዮሳርኮማ ረገድ እጅግ የሚያስተምረው ሚፋሙርታይድ ነው። እርሱም በሊፖዞም የታሸገ ነው፤ ሆኖም ኬሞቴራፒ አይደለም። ማክሮፋጅ የተባሉትን ሕዋሳት ካንሰሩን እንዲዋጉ ይቀሰቅሳል። በ2008 በወጣው የአሜሪካ ጥናት፣ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ስድስት ዓመት የኖሩት ሕሙማን ድርሻ ከ70 ወደ 78 በመቶ ከፍ ብሏል። የአውሮፓ ባለሥልጣናት በ2009 ፈቀዱት፤ አሜሪካኖቹ ግን በጥናቱ ስሌት ላይ ባነሡት ጥርጣሬ አልተቀበሉትም። ክርክሩን ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እንተወውና አሠራሩን እንመልከት። ሊፖዞም በማክሮፋጅ መዋጡ ኬሞቴራፒ ለሚጭኑት ሁሉ ኪሳራ ነው፤ እዚህ ግን የሕክምናው ግብ ራሱ ያ ነው። ቅንጣቱ በተፈጥሮው ወደሚሄድበት ተላከ እንጂ ወደማይደርስበት አልተገፋም። ከአጥንት ጋር የሚጣበቀውን ቅንጣት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጠቅሱት አይታይም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ያበጠ ጉልበት ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው በወጌሻ እጅ ነው፤ ታሽቶ ሳይሻለው ወራት ያልፋሉ። እንዲህ ዘግይቶ ለደረሰ ልጅ የተሻለ ቅንጣት የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ነባሩ ሕክምናም ቢሆን ቀላል አይደለም። ሜቶትሬክሴት በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ በደም ውስጥ ያለው ልክ በተከታታይ መለካት፣ ፎሊኒክ አሲድም በሰዓቱ መሰጠት አለበት፤ መለኪያው በሌለበት ሥፍራ መድኃኒቱን በደኅና መስጠት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለ ናኖ ቅንጣት አንድ ጥናት ባነበበ ቁጥር፣ ይህ መለኪያ ለየትኛው ሆስፒታል ምን ያህል ያስወጣ ይሆን ብሎ ማስላቱን አልተወም።