ፍርሃት ነፍስ መብላት

በአሜሪካ አገር «የውጭ ቋንቋ ፊልም» የሚባለው እንግሊዝኛ የማይነገርበት ፊልም ነው። በዚህ አቆጣጠር ከሄድን አማርኛ ፊልም ለሲልቨር ስፕሪንግ የውጭ ፊልም ነው። እኔ ቋንቋውን በጆሮዬ እየሰማሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠው እዚህ የተወለደው ልጄ ከግርጌ የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበ ያንኑ ፊልም እናያለን። አንዳንዴ ጽሑፉ ከንግግሩ ቀድሞ ስለሚወጣ እሱ ይስቃል፣ እኔ እከተላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ተርጓሚው የዘለለው ነገር ይኖርና እኔ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ልጄም «ምን አለ?» ይለኛል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ስለ ሁለት ፊልሞችና ስለ አንዲት ትንሽ የፊልም ክበባችን ነው። ክበቧ ስም አልነበራትም፤ ዛሬም የለችም። ለምን እንደሌለች መናገር የእኔ ድርሻ ስለሆነ እናገራለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፊልም ክበብ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። የጊዜው ወጣት በአምባሳደርና በሌሎቹ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ የሚሰለፈው ለህንድና ለአሜሪካ ፊልም ነበር፤ በኋላም በ2000ዎቹ መጀመሪያ እነ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲመጡ ሰልፉ ለአማርኛ ፊልም ሆነ። እኛ ገንዘብ የሌለን የስድስት ኪሎ ልጆች ግን ሌላ በር አግኝተን ነበር። በ1962 የተከፈተው የጀርመኖቹ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የፈረንሳዮቹ አሊያንስ፣ የጣልያን የባህል ተቋምም እንዲሁ፣ በየተራ የአገራቸውን ፊልም ያሳዩ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት በአዲስ አበባ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። የኤምባሲ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ሐኪሞች ከነሚስቶቻቸው መጥተው የአገራቸውን መንገድና የአገራቸውን ዝናብ አይተው ይሄዳሉ። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ባህር ማዶን እናያለን። እነሱ ናፍቆታቸውን ሊያስታግሡ ይመጣሉ፣ እኛ ደግሞ ሊናፍቀን። ያን ጊዜ ይህን አላስተዋልሁም። ቦታ ተለዋውጠን እኔ የሰው አገር ሰው ስሆን ነው የገባኝ።

ከዚያ በደብረ ማርቆስ ለሰባት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንሁ። ዛሬ አሌክሳንድርያ ታክሲ እነዳለሁ። ለስንት መቶ ልጆች ያስተማርሁትን እንግሊዝኛ እዚህ ተሳፋሪው «ምን አልክ?» እያለ ሁለት ጊዜ ያስደግመኛል። ይህን የማነሣው ለማማረር አይደለም፤ ወደ ፊት ለምናገረው ፊልም ስለሚያስፈልግ ነው።

ክበቧን የጀመርነው በ2014 ነው። ዘጠኝ ነበርን። አብዛኞቻችን ባለታክሲዎች፣ ሁለት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞችና አንዲት ነርስ። ሰኞ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ በወሩ የመጨረሻ ሰኞ ማታ አሌክሳንድርያ በአንደኛችን ሕንፃ የስብሰባ ክፍል እንገናኛለን። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት ቤልትዌዩን ተሻግረው በአንድ መኪና ይመጣሉ። በሌላው ወር እኛ ወደ እነሱ፣ ወደ አንድ ወንድማችን ቤዝመንት እንሄዳለን። ፊልሙን ከካውንቲው ቤተ መጻሕፍት በነፃ እንዋሳለን። ቡና ይፈላል፣ ፊልም ይታያል፣ ከዚያ ውይይት። አስተማሪ ነበርህ ተብዬ ውይይቱን እንድመራ የተመረጥሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የማይረሳኝ የጀርመናዊው የራይነር ቨርነር ፋስቢንደር ፊልም ነው። በ1974፣ እኛ አገር ንጉሡ በወረዱበት ዓመት የወጣ ነው። ተማሪ ሳለሁ ከኋላ ወንበር አይቼው ነበር፤ ግን አላየሁትም ነበር ማለት ይቀላል። አሊ የሚባል ሞሮኳዊ ሠራተኛ በሙኒክ ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ከኤሚ ጋር ይደንሳል። ኤሚ በዕድሜ በብዙ የምትበልጠው፣ ባሏ የሞተባት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ይጋባሉ። ልጆቿ ይቆጣሉ፤ አንዱ ልጇ ቴሌቪዥኑን በእግሩ ይሰብረዋል። ጎረቤቶቿ ያገሏታል። ባለሱቁ ደግሞ አሊ ማርጋሪን ሊገዛ ቢመጣ ጀርመንኛው የማይገባው መስሎ ሳይሸጥለት ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ተያየን። ባለሱቁ በሚገባ ገብቶታል። «አልገባኝም» ማለት አንዳንዴ ከስድብ የከፋ መሆኑን ለታክሲ ነጂ ማስረዳት አያስፈልግም።

የፊልሙ ርዕስ ከአሊ አፍ የወጣ አባባል ነው። እንግሊዝኛው በተስተካከለ ሰዋስው «ፍርሃት ነፍስን ይበላል» ብሎ ተርጉሞታል። ጀርመንኛው ግን ስህተት ነው። አሊ ግሱን አያረባም፤ እኛ ዘንድ አንድ የውጭ ሰው «ፍርሃት ነፍስ መብላት» ቢል እንደማለት ነው። ፋስቢንደር ስህተቱን እንዳለ ርዕስ አደረገው። የእንግሊዝኛው ተርጓሚ ንግግሩን ሲያርም ተናጋሪውን አጠፋው። ሰባት ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የልጆችን ግስ ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝና ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ሰው እውነቱን በተሰበረ ቋንቋ ሊናገር ይችላል። ስብራቱም የእውነቱ አካል ሊሆን ይችላል።

ፋስቢንደር በዚህ አያቆምም። ብዙ የስደት ፊልሞች ክፉውን ከውጭ አድርገው፣ ተበዳዮቹን መልአክ አድርገው ያበቃሉ። እዚህ ግን ባልና ሚስቱ ከዕረፍት ሲመለሱ ሰዉ ሁሉ ደግ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ባለሱቁ ደንበኛ ይፈልጋል፤ ልጇ ሕፃኑን የሚጠብቅለት ይፈልጋል፤ ጎረቤቷ የዕቃ ማስቀመጫ ትፈልጋለች። የውጭው ግፊት ሲላላ ክፋቱ ወደ ቤት ይገባል። ኤሚ ራሷ የአሊን ጡንቻ ለጓደኞቿ እንደ ዕቃ ታስዳስሳለች። ኩስኩስ ቢጠይቃት አልወድም፣ ያገሩን ልመድ ትለዋለች። የምትወደው ሴት ናት ይህን የምታደርገው። በመጨረሻ ታርቀው እንደ መጀመሪያው ቀን ሲደንሱ አሊ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ሐኪሙ የጨጓራ ቁስል ነው፣ በውጭ አገር ሠራተኞች ላይ የተለመደ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ይመለስበታል ይላል።

«ጨጓራ!» ብለን በአንድ ድምፅ ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን። ከዘጠኛችን ሦስቱ ኦሜፕራዞል በኪሳቸው ነበር።

ያን ማታ ማንም ውይይት አልመራም፤ ሁሉም ተናገረ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ቆየን። የፊልም ክበብ ጥቅሙ ይህ ነው። ያው ፊልም በየቤታችን፣ በየስልካችን ቢታይ ሳቁም ዝምታውም አይኖርም ነበር።

በ2019 መጀመሪያ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አሳየን። ኃይሌ ጎንደር ተወልዶ በ1967 ወደ አሜሪካ የመጣ፣ ለረጅም ዘመን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት አግኝቷል። ይህም ፊልም ጀርመንን ያያል። አንበርብር በጀርመን የተማረ ሐኪም ነው። በደርግ ጊዜ አገሩን ላገለግል ብሎ ይገባል፤ ወዳጁ ተስፋዬ ይገደላል። አንበርብር ተመልሶ በምሥራቅ ጀርመን ዘረኞች ከመስኮት ወርውረውት እግሩን ያጣል። በ1990 አርጅቶ ሳያረጅ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። እዚያ ደግሞ ጎረምሶች ከጦርነት አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል።

ስለ ፊልሙ ያለኝ አስተያየት ይህ ነው። «ጤዛ» ታላቅ የሚሆነው ዝም ሲል ነው። እናቲቱ ልጇን ስታይ፣ አንበርብር የት እንደደረሰ ሳያውቅ በሕልሙ ሲንከራተት፣ መንደሩ በጭጋግ ሲሸፈን። የሚደክመው ገጸ ባሕርያቱ እንደ ስብሰባ ተናጋሪ አቋም ሲያሰሙ ነው። የውይይት ትዕይንቶቹ ዘመኑን ይመስላሉ፤ ያ ትውልድ በእርግጥ እንደዚያ ይናገር ነበር። ሆኖም ዘመኑ መድረክ ስለነበረ ፊልሙም መድረክ መሆን አልነበረበትም። የጊዜው ወዲያና ወዲህ መመላለስ ብዙ ተመልካች ያደናግራል፤ እኔ ግን እንደ ጉድለት አላየውም። ከዚያ ሁሉ የወጣ ሰው ትዝታው በተርታ አይመጣለትም። በመጨረሻ አንበርብር በመንደሩ ትምህርት ቤት ልጆች ፊት ሲቆም ግን፣ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፣ ዓይኔን ጠረግሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከመካከላችን አንድ በዕድሜ የሚበልጡን ሰው ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ስማቸውን አልጽፍም። ተስፋዬ ወደሚገደልበት ስንደርስ እኔ ፊልሙን አቆምሁት። ወጣቶቹ እንዲገባቸው ብዬ ስለ ቀይ ሽብር ቀንና ዓመት እየጠቀስሁ ማስረዳት ጀመርሁ። አንዱ ተነሥቶ ያንተ ታሪክ የአንድ ወገን ነው አለ። ሌላው መለሰለት። ከ1977 ተነሥተን በአምስት ደቂቃ ውስጥ 2019 ደረስን፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ መቁጠር መጣ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም። ጃኬታቸውን አንሥተው ወጡ።

ከሳምንት በኋላ በናሽናል ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ አንተ የምታውቀው ቀኑን ነው» አሉኝ። «ፊልሙ እኮ ዝም ብሎ ነበር። እኔም ከሱ ጋር ዝም ብዬ ላለቅስ ነበር የመጣሁት። አንተ ተናገርህ።»

የምመልሰው አላገኘሁም። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ወደየመኪናችን ገባን። ፊልሙን የነቀፍሁበት ነገር፣ ዝም ማለት ሲገባው መናገሩ፣ የራሴ ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ተሰበሰብን። በ2020 ወረርሽኙ መጣ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነቱ ተጀመረ። በ2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም ክበባችን ከፈረሰች ቆይታ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ መኪና ይመጡ የነበሩት ሁለት ወንድሞች ዛሬ በአንድ መኪና አይሄዱም። አልተሳደቡም፣ አልተጣሉም። አንዱ ሌላው ምን ይል ይሆን ብሎ ይፈራል። አሊ ያለው ይህን ነው። ፍርሃት ነፍስ መብላት። ፋስቢንደርም ያሳየን ይህንኑ ነበር፤ ከባለሱቁ የተረፈ ሰው ከገዛ ቤቱ ሰው ላይተርፍ ይችላል።

ፊልም እርቅ ያወርዳል የሚል ቅዠት የለኝም። ነገር ግን አብሮ ተቀምጦ ማየት ቀላል ነገር አለመሆኑን ኃይሌ ራሱ አሳይቶናል። በ1993 «ሳንኮፋ» የሚለውን ስለ ባርነት የሠራውን ፊልም የሚያከፋፍልለት ኩባንያ ሲያጣ፣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ ሕዝቡን ራሱን እያስተባበረ ከከተማ ወደ ከተማ አሳየው። ቃሉ በጋና አካኖች ቋንቋ ተመልሶ ማንሣት ማለት ነው። ከባለቤቱ ከፊልም ሠሪዋ ሺሪኪያና አይና ጋር በዚሁ ስም የከፈቱት የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ዛሬም ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት አለ። በ2019 የንብረት ግብሩ ሊያዘጋው ሲደርስ የሠፈሩ ሰው ተነሥቶ ጮኸለት። ያንኑ መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን የነዳ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል። እዚያም በ1938 ተሠርቶ፣ ለዓመታት ተዘግቶ፣ በ2003 ታድሶ የተከፈተውና የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት የሚያስተዳድረው ሲልቨር ቲያትር አለ። የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫልም ያዘጋጃል። ከበሩ ጥቂት እርምጃ ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። አዳራሽ አላጣንም፣ ፊልምም አላጣንም።

ያጣነው አጠገባችን የሚቀመጠውን ሰው ነው። እንግዲህ አሌክሳንድርያ ያለው የስብሰባ ክፍል ሰኞ ማታ አሁንም ባዶ ነው፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ፈልጌ ወይም ሌላ ፊልም ተውሼ እጠብቃለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትመጡ ሁለቱ ወንድሞቼ፣ በሁለት መኪናም ቢሆን ኑ። ጋሼንም ደውዬ ጠርቻለሁ። «አስተያየት ይኖራል?» ብለው ጠየቁኝ። የለም፣ ቡና ብቻ ነው አልኋቸው። «እንግዲያማ አስብበታለሁ» አሉኝ።