ፍላሽ መጫን

ጭሮ ላይ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚያስጭን ሾፌር ጊዜ የለውም። ጫት የጫነው አይሱዙ ሞተሩ አልጠፋም፤ «አቦ፣ ዝም ብለህ ሙላው!» ይለኛል። መሙላቱ ቀላል ነው። የአራት ደቂቃ ዘፈን በ128 ኪሎቢት 4 ሜጋባይት ያህል ስለሚሆን፣ 16 ጊጋ ፍላሽ ወደ አራት ሺህ ዘፈን ይይዛል። ግን አራት ሺህ ያልተደረደረ ዘፈን ይዞ ከሚኤሶ ሽቅብ የሚወጣ፣ ወይም ከጭሮ ወደ ሂርና ኩርባውን የሚጠመዝዝ ሰው፣ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ቴፑ ላይ ነው። ሚኒባስ ቢሆን ረዳቱ ይቀይርለታል። ብቻውን ሌሊት የሚነዳው ማን አለው? ስለዚህ ፍላሽ ስጭን የማስበው የሾፌሩ እጅ ከመሪው እንዳይነሳ ነው።

መጀመሪያ ቴፑ ምን እንደሚያነብ እጠይቃለሁ። 64 ጊጋ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ በኤክስፋት ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ አሮጌ ቴፕ ደግሞ እሱን አያውቀውም። ለእንዲህ ያለው መኪና 16 ወይም 32 ጊጋ ገዝቶ በፋት 32 ፎርማት ማድረግ ይበቃል።

ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ በፊደል ተራ የምናየውን ዝርዝር ብዙ ርካሽ ቴፖች አያዩትም፤ የሚያጫውቱት ፋይሎቹ ፍላሹ ላይ በተጻፉበት ተራ ነው። ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ላይ፣ መቅደም ያለበትን አስቀድሜ፣ ፎልደር በፎልደር እጭናለሁ። በስም የሚደረድሩም ስላሉ ከፊት 001፣ 002 እያልኩ እጽፋለሁ፤ ዜሮዎቹ ከተዘለሉ 10ኛው 2ኛውን ይቀድማል። የፋይሉን ስም በላቲን ነው የምጽፈው፤ የግዕዝ ፊደል ብዙ ቴፖች ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። የኦሮምኛው ዘፈን በቁቤ ስለሚጻፍ ችግር የለበትም።

ከዚያ ድምፅ። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የተነሳው፣ በጥቅምት 2015 ያረፈው ድምፃዊ ዓሊ ቢራ እዚህ አገር ከፍላሽ አይጠፋም። ከካሴት የተገለበጡት ሥራዎቹ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ሾፌሩ እነሱን ለመስማት ከፍ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ስቱዲዮ ውስጥ እስከ ጣሪያው የተገፋ አዲስ ዘፈን ሲገባ ይደነግጣል። ኤምፒስሪጌይን የሚባለው ፕሮግራም ዘፈኑን እንደገና ሳይጨምቅ የድምፁን መጠን ብቻ ያስተካክላል። ጥራት ግን አይጨምርም፤ በ64 ኪሎቢት የወረደን ዘፈን 320 ብሎ ማስቀመጥ ቦታ መፍጀት ነው፤ የጠፋው ድምፅ አይመለስም።

ሌላው ሕጉ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሥራውን አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል፤ ልክም ነው። ሾፌሮች ለድርደራው ሲከፍሉ አይቸግራቸውም። ከዚያ ላይ ለዘፋኙና ለግጥም ደራሲው ድርሻቸው የሚደርስበት አሠራር በየከተማው ሙዚቃ ቤት ቢዘረጋ በደስታ እከፍላለሁ።

ፎልደር የምከፍለው በዘፋኝ ሳይሆን በሰዓትና በተሳፋሪ ነው። ለሌሊት ፈጠን ያለውን ለብቻ፣ ለንጋት መንዙማውን ወይም መዝሙሩን ለብቻ አደርጋለሁ። ወደ ጅግጅጋ ለሚያልፈው የሶማሊኛ ፎልደር ይጨመራል። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚወጣ አውቶቡስ ደግሞ ሌላ ፍላሽ ያስፈልገዋል፤ መዝሙር ብቻ ያለበት፣ ሾፌሩ በስህተት ቢነካ እንኳ ዘፈን የማይገባበት።