ቤዝ ድራምን ማቃናትና ማለዘብ

ቤዝ ድራም ፊትና ኋላው በቆዳ የተወጠረ፣ አብዛኛውን ጊዜ 22 ኢንች (56 ሴንቲ ሜትር ያህል) ስፋት ያለው የእንጨት ቀፎ ነው። የፔዳሉ መምቻ በተጫዋቹ በኩል ያለውን ቆዳ ሲመታ የታመቀው አየር የፊተኛውንም ይዞት ይነሣል። ድምፁ የሁለቱ ቆዳዎች የጋራ ሥራ ነው። ድራሙ ደስ የማይል ድምፅ ሲያወጣ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ትራስ ይከትበታል፤ ይህ ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል። ጨርቅ ካለው ድምፅ ይቀንሳል እንጂ የሌለውን አያመጣም።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለውጥረቱ ነው። ብሎኖቹ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ በቁልፍ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ከጠበቀ በኋላ ተራው የጎረቤቱ ሳይሆን የትይዩው ነው። የቆዳው ሽብሽብ ልክ ሲጠፋ ይቆምና ከዚያ ሩብ ዙር ይጨመራል። በየብሎኑ አጠገብ በጣት ጫፍ መታ መታ ሲደረግ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ቃና ሊሰማ ይገባል፤ አንዱ ጥግ ከፍ ካለ እሱ ይላላል። የፊተኛው ቆዳ ጠበቅ ሲል ድምፁ ይረዝማል፣ ላላ ሲል ያጥራል። በጥንቃቄ ከተወጠረ ድራም ላይ የሚታፈን ነገር ብዙም አይተርፍም።

የሚተርፈውን ለማለዘብ አንድ የታጠፈ ፎጣ ከቀፎው ወለል ላይ ተጋድሞ የሚመታውን ቆዳ ግርጌ ሁለት ጣት ያህል እንዲነካ ይደረጋል። ጭራሽ ካልነካ ለውጡ ትንሽ ነው፤ እስከ መሃል ከደረሰ ደግሞ የሚቀረው ደረቅ ጓታ ብቻ ነው። ከጠርዛቸው የማለዘቢያ ቀለበት ያላቸው ቆዳዎችም ይሸጣሉ፤ ለእነሱ ፎጣ ላያስፈልግ ይችላል። ውጤቱ መመዘን ያለበት ከወንበሩ ላይ አይደለም። ሌላ ሰው ፔዳሉን እየረገጠ፣ ተጫዋቹ ከፊት ለፊት ራቅ ብሎ ይስማው፤ ከወንበሩ የሚረብሽ ጩኸት እዚያ ሲደርስ ጥሩ ሙላት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የፊተኛው ቆዳ ላይ ከመሃል ወጣ ብሎ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ማውጣት ለአየሩ መውጫ፣ ለማይክሮፎኑ መግቢያ ይሆናል። ቀዳዳው በጣም ሲሰፋ ግን የፊተኛው ቆዳ እንደሌለ ይቆጠራል።

ምን ያህል ይታፈን የሚለው በሙዚቃው ይወሰናል። የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ እ.ኤ.አ. በ1966 የቢትልስን «ሪቮልቨር» አልበም ሲቀዳ ከሪንጎ ስታር ቤዝ ድራም ውስጥ የሱፍ ሹራብ ከትቶ ማይኩን አስጠጋ፤ ድምፁ አጭርና ቅርብ ሆነ። የሌድ ዘፕሊኑ ጆን ቦናም ደግሞ ባለ 26 ኢንች ድራሙን ብዙ ሳያፍን፣ እንደ ልቡ እንዲያስተጋባ ይተወው ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ጎረቤትን ከድምፅ ማሳረፍ ሌላ ጉዳይ ነው። የ60 ኸርዝ ሞገድ ከ5 ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስስ ስፖንጅ አያቆመውም። በዚያ ላይ ምቱ በፔዳሉና በድራሙ እግሮች በኩል ወለሉ ውስጥ ገብቶ ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። የመረብ ቆዳ መግጠም በአየር የሚሄደውን ድምፅ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በወለል የሚያልፈውን ግን ምንጣፍ ብቻውን አይገታም። ለእሱ የሚሻለው በሁለት ጠንካራ ጣውላዎች መካከል የቴኒስ ኳሶች ደርድሮ ድራሙንም ወንበሩንም እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው። ኳሶቹ ክብደቱ በሚያርፍበት በፔዳሉና በወንበሩ ሥር ጠጋ ጠጋ ብለው ይደረደራሉ፤ ጣውላው ግድግዳ እንዳይነካም ክፍተት ይተዋል።