መነጽሯን እስክታወልቅ

ሰሞኑን አንድ የድሮ ፊልም ደግሜ አየሁ። «ፎሎው ዘ ፍሊት» ይባላል፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ሆሊውድ የሠራው ባለጥቁርና ነጭ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ያዘጋጀው ማርክ ሳንድሪች፣ ዘፈኖቹን የደረሰው ኧርቪንግ በርሊን ነው። መርከበኞች ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ፈቃድ አግኝተው ይወርዳሉ፤ ሁለቱ ከሁለት እህትማማቾች ጋር ይጣመዳሉ። ሳቅሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ኮኒ መምህርት ናት። መነጽር ታደርጋለች፣ አለባበሷም ጭምት ነው። ጭፈራ ቤቱ በር ላይ ቢልጅ የሚሉት መርከበኛ አጠገቧ ቆሞ እንኳ ልብ አይላትም። ኋላ አንዲት ወዳጅ መነጽሯን አስወልቃ፣ ቀሚስ አልብሳና ኳኩላ ብቅ ስታደርጋት ሰውየው ክንፍ ይላል። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይላል ያገሬ ሰው። የዚህኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ ዓይኑ አየ፣ ልቡ ግን የለበትም። ኮኒ ትዳር የሚመስል ነገር ስታነሳ ሹልክ አለ። እሷስ? የሟች አባቷን አሮጌ መርከብ ዕዳ ገብታ ታሳድሳለች። ለማን? ለእሱ!

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቀው ነገር ነበር፤ «ደራሲው የሚሸልመው ማንን ነው? ከፋዩስ ማነው?» እዚህ ተሸላሚው የሸሸው ነው፤ ከፋይዋ ደግሞ የጠበቀችው። ፊልሙም «በሉ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ይሸኘናል።

ደግነቱ መልሱ እዚያው ፊልም ውስጥ አለ። ቤክና ሼሪ፣ ማለትም ፍሬድ አስቴርና ጂንጀር ሮጀርስ፣ የቀድሞ የዳንስ ጓደኛሞች ናቸው። እሱ ባሕር ኃይል የገባው ላግባሽ ቢላት እምቢ ስላለችው ነው። ሲገናኙ ይነታረካሉ። ሼሪ ለሥራ በምትፈተንበት ቀን ቤክ የሌላ ዘፋኝ መስሎት መጠጧ ውስጥ ሶዳ ይጨምራል፤ ምስኪኗ በስርቅታ ፈተናውን ታበላሻለች። ዋጋውን ግን አትነሳውም! ይሁንና ሲጨፍሩ ተመልከቷቸው፤ አንዱ የሌላው ባለዕዳ አይደለም።

የኮኒን ዕዳ ለመክፈል በሚያሳዩት ትርዒት መጨረሻ ላይ ቤክ በቁማር የከሰረ ሰው ሆኖ ይጫወታል። ሽጉጡን አውጥቶ ራሱን ሊገድል ሲል፣ ራሷን ልትወረውር የተዘጋጀች ሴት ያያል። ያስቆማታል፤ ሽጉጡንም ባዶ ቦርሳውንም ይወረውርና አብረው ይደንሳሉ። አሜሪካ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና ባላገገመችበት ዘመን የነበረ ተመልካች ይህን ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው፤ አንዱ ሌላውን የሚገዛበት ነገር የለውም። ፊልሙ ፍቅርን አጥርቶ ያየው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

የመምህርነት አመል አይለቅምና ለኮኒ አንዲት ምክር ልጣል፤ እመቤት፣ መነጽርሽን መልሺ። መርከቧም የአባትሽ ናት፤ አንቺው ንጂያት።